እጥፍ

መጋቢት ነው በማርስታል፤ ነፋሱ ገና ይናከሳል፤
«ቴርነ» ከባሕር ወጥታ፣ ሆዷ ተፍቆ ይታያል፤
ከመሪዋ ፊት፣ ከዘንጉ ጫፍ፣ አሮጌው ፕሮፔለር አለ፣
ሦስት ክንፉን እንደ ገተረ፣ ነጭ ቅርፊት ያበቀለ።

አርባ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው፤ መታጠፍ የማያውቅ ነሐስ፤
ሞተሩ ከጠፋም በኋላ፣ ሸራው ሞልቶ ሲነፍስ ነፋስ፣
ገበያ መሀል እናቱ እጁን ይዛ ስትስበው
እግሩን ተክሎ እንደሚያለቅስ
ግትር ልጅ፣ ውኃውን ይዞ፤ አልሄድም ብሎ እስክንደርስ።

ቪጎ፣ የጀልባ ሐኪሙ፣ ሁለት አምጥቶ ዘረጋ፤
አንደኛው ባለሁለት ክንፍ፣ ሌላው ባለሦስት፤ ዋጋ?
«እሱን ተቀምጠሽ ስሚው» አለኝ፣ ወንበር ወደኔ እያስጠጋ።
«እዪ» ብሎ ክንፎቹን ገጠመ፤ ቀጭ አሉ እንደ ጸሎተኛ መዳፍ፤
«ሞተር ሲዞር ብትን ይላል፤ ሲቆም፣ ውኃው ሲገፋው፣ እጥፍ።»
ዋጋውን ደግሜ ጠየቅሁ፤ ያው ቃል ተመልሶ መጣ፦
«የቋሚው እጥፍ፤ የእጥፉም እጥፍ።»

ጀልባዋ የሁለታችን ናት፤ የኔና የወንድሜ፣ የቶርኪል።
እርሱ በስልክ፦ «ባለሁለቱን! ቀጭኑን፣ ቀላሉን፣ አስታ!
በነሐሴው የደሴት ዙር፣ ማን ሊቀድመን ነው ላንዳፍታ?
በሰዓት ግማሽ ማይል ማለት፣ በስድስት ሰዓት ሦስት ማይል ናት፣ ያለ ሁካታ!»

«ማቆሙስ?» አልኩ። አይረሳኝም፣ የኡላ ጀልባ፣ የዚያን ማታ፤
ባለሁለት ክንፍ ታጣፊ፣ ወደብ ስንገባ በእርጋታ፣
የኋላ ማርሽ አስገባሁ፤ ዝም። ደገምሁ፤ ዝም።
ክንፎቹ ሊነቁ ሲያዛጉ
ግንቡ መጣ።
መሄዱንማ ነፋስም ያውቃል፤ ለማቆም ነው የምከፍለው።

ቶርኪል በገና ማዕድ ላይ «ግማሹን እኔ» ብሎ ነበር፤
በየካቲት ግማሹ ሩብ ሆነ፤ በመጋቢት «ይደር፣ ይደር»፤
ወንድሜ ቃሉን ሲያጥፍ ድምፅ የለውም፤ በቅባት እንደ ራሰ በር።

እኔ ግን እጄን አላጣጠፍሁም፤ ከሥሯ ተንበርክኬ አየሁ፤
የዘንጉን ውፍረት በሚሊሜትር፣ አንድ ሁለት ሦስቴ ለካሁ፤
ከክንፉ ጫፍ እስከ ሆዷ፣ ሦስት ጣት ክፍተት አገኘሁ፤
ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው፤ ዚንኩ በዓመት ይለወጣል፤
ይህንን ሁሉ በእርሳስ፣ በስንዴ ከረጢት ጀርባ ጻፍሁ።

«ቴርነ» ወፍ ናት፤ ስሙን ያወጣች እናታችን ናት፣ በወጣትነቷ፤
ዓሣ ስታይ ከሰማይ፣ ክንፏን አጥፋ ነው መወርወሯ፤
ልትነሣ ስትል ከውኃው፣ ያው የታጠፈው ነው ጉልበቷ።

«ባለሦስቱን» አልኩት ቪጎን።
ከክንፎቹ ሥር ጥርስ አለ፣ እኩል እንዲከፈቱ፤ ዳሰስሁ፤
ለኔ ጥርስ ያስቀመጥሁትን ብር፣ ለእርሷ ጥርስ አዋልሁ።

ግንቦት ላይ ውኃ ገባን። ሞተር አጠፋሁ፤ ሸራው ሲነፋ
ከታች አንድ ነገር «ቀጭ» አለ፤ የአርባ ዓመቱ ጎታች ጠፋ፤
ከኋላችን ይንኮሻኮሽ የነበረው ውኃ አንቀላፋ።

ስንመለስ ቶርኪል ግንቡ ላይ፣
ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጥፎ፤
«ባለሦስት!» አለ ከሩቅ፣ ከንፈሩን ወደ ጎን ጠምዝዞ።

የኋላ ማርሽ። አንድ። ሁለት።
ዱብ።
ከእግሬ ሥር ሰማሁት፤ ሦስቱም እኩል።
«ቴርነ» ከግንቡ አንድ ክንድ ሲቀራት
ቆመች።

ገመዱን ወረወርሁ፣ ምንም ሳልለው።
ገመድ አየር ላይ ሳለ፣ እጁን አጥፎ የሚቆይ ሰው የለም፤
ወንድሜም ዘረጋ፤ ያዘ።
ስለ ግማሹ ዋጋ ያን ቀን ማናችንም አላነሣንም።
ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ ሲያስር፣ ቀና ሳይል፣
«ግን ዝግ ትላለች» አለ።
ይቺን ቃሉን እንኳ
እስከ ነሐሴ አላጠፋትም።